በላብ ላይ በርኖስ

ነይ እስቲ ገበያነሽ፣ ግቢ እቴ። እንዴት አደርሽ? ደባርቅ ዛሬስ ጭጋጉ ቶሎ ተገፈፈላት፣ አይደል? ገብሱ እንዴት ነው፣ ያዘ? ባጃጅ አገኘሽ ወይስ በእግርሽ ነው? ... ኧረ እዚያ አትቀመጪ! ወደ አጥሩ ጠጋ በይ፣ ፀሐዩ እዚህ ነው። ድምፄን ከፍ ባደርግ ቅር እንዳይልሽ፣ ጆሮዬ ደክሟል። ጆሮው የማይደክም ሰው ደግሞ አለ... አጥር ሲኖርማ ይብስበታል።

እኔማ ደህና ነኝ። ጎንደር ሄጄ ጡቴን ካስወጣሁ ይኸው ዓመት ሞላኝ። ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ አንዲት ክኒን እውጣለሁ። ሐኪሙ ሲሰጠኝ «እማማ፣ ድንገት ሙቀት ይመጣብዎታል፣ ሌሊት ያልብዎታል፤ የክኒኑ ጠባይ ነው፣ አይደንግጡ» ብሎኛል። እውነትም መጣ! ድመቷ እንኳ ምድጃውን ትታ እኔ ጉያ ማደር ጀመረች። እዚህ ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር አልጣሽም መክራኛለች፤ ስስ ጥጥ ይልበሱ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፉት ይበሉ፣ በርበሬ ይቀንሱ፣ ካስቸገረዎት ለእኛ ይንገሩን እንጂ ክኒኑን በራስዎ እንዳያቋርጡ ብላ።

ግን ምን ዋጋ አለው? ሐኪሙ የተማረው ሰባት ዓመት ብቻ ነው። እዚህ ሰፈር አንዲት ደግ ሴት አለች... ስሟን አልጠራም፣ ምስጋና አትወድም። የሱን ሰባት ዓመት በአጥር ቀዳዳ አንዴ አየት አድርጋኝ ጨረሰችው። «ምች ነው!» አለች። ለምች መታጠን ነው ብላ ዳማከሴ አፍልታ እንፋሎቱ ላይ ደፋችኝ። በላዬ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ የባሏን በርኖስ! ባልየው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ዋለ አሉ። እንዲህ ያለ ደግነት የት ይገኛል? ሌላው ከቤቱ ሲተርፈው ነው የሚሰጥ፣ እሷ ከቤቷ አጉድላ!

ላቤ ወረደ። «ይኸው፣ በሽታው እየወጣ ነው!» ብላ እልል አለች። ሲብስብኝ አጎዛ ጨመረች። ከዚያ መስኮቴን ብርድ እንዳይገባ በእበት መረገችው። ልስኑን ብታይው! የራሷ ግድግዳ ተሸንቁሮ ዶሮ ሲገባበት ሲወጣበት፣ እጇን ለኔ ቆጥባ ኖሯል። ለራት ደግሞ ቀይ ወጥ፣ በርበሬው በጭልፋ። እንባዬ ቢወርድ «የደስታ ነው» አለች። እሷ ካለች ነው እንግዲህ።

አንድ ነገር ብቻ... ከቁም ነገር አትቁጠሪው። ስትወጣ «ምችሽን የሚቀሰቅሰው ይሄ ነው» ብላ ክኒኔን በመቀነቷ ቋጥራ ሄደች። ከዋጥኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጡቴን ሰጥቼ ያተረፍኳት ዕድሜ ይኸው፣ ሰው ወገብ ላይ ታስራ ትዞራለች። በክፋት እንዳይመስልሽ! ክፋትማ ማሰብ ይፈልጋል።

ለሲስተር አልጣሽ ልልክባት አስቤ ነበር። ግን ጤና ጣቢያው በሙሉ ተሰልፎ ከዚያች ደግ ሴት ሙያ ልማር ብሎ ቢመጣ፣ ደጇ አይጠብም? ይሁንና ክኒኑ እስከ እኩለ ቀን ካልተገኘ፣ የት ሄደ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ውሸት አልችልም። ቤቱን አሳያቸዋለሁ፤ እንግዳ ትወዳለች...

...ምንድን ነው ዱብ ያለው? አጥሩ ሥር እይልኝማ። ኧረ ክኒኔ! ከነማሸጊያው! አጥር የሚዘል ክኒን አይተሽ ታውቂያለሽ? ያን ውሃ አቀብዪኝ፣ የዛሬዋን ልዋጣት። አንዷን ብቻ፤ ያለፈውን መደረብ የለም። መደራረብስ የሰፈራችን ሐኪም ትችልበታለች።

እስቲ ልመርቃት፣ ይገባታል። ዕድሜዋን ያርዝምላት። ጎጆዋን ያሙቅላት። አልጋ የያዘች ቀን ደግሞ፣ ኪዳነምሕረት ትስማኝ፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች አስታማሚ አታሳጣት!

አሜን በይ እንጂ ገበያነሽ... ጮክ አድርገሽ።