ለአህዮች የታዘነ ሐዘን

የጊዮርጊስ ጽዋ ተራው የሀብትነሽ ነበር። ቡሬ ላይ ጤፍ በአህያ እያመላለሰች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ትናንት በቀበሌው ስብሰባ «ከእንግዲህ እህል በኬላ የሚያልፈው በመኪና ብቻ ነው» ተባለ። በከተማው የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማኅበርተኛ ነውና ይኸው መደቧ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። የጽዋ እንግዳ አይሰደብም፤ እንግዳውም ሳይመረቅ አይነሣም። ሀብትነሽ አንጀቷ እያረረ፣ ጥርሷ እየሳቀ፣ ጠላ ቀድታ ወደ አሮጊቷ ወደ እማማ ወለተሥላሴ ዞረች።

«እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዝናቡስ ዘንድሮ ደግ ነው... ጠላው ቀጠነብዎ እንዴ? ይጠጡ እንጂ!

ትናንት ስብሰባው አመለጠዎት። ድምፅ ማጉያው እንዴት ያለ መሰለዎ! ከኋላ ቆሜ እንኳ ‹አህያ ክልክል› ሲባል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። አንድ ደግ ሰው ነው አሉ የገዛው... ማን እንደሆነ እንጃ። ደግ ሰው ስሙ እንዲነሣ መች ይወዳል? ለአብዮት በዓል ቀዩ ጨርቅ ከእሱ፣ ለኪነት ልጆች ጫማው ከእሱ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበር እናት ተዝካር ሙክቱ ከእሱ! በምላሹ ምን ጠየቀ? ምንም! ‹ለሰፊው ሕዝብ ነው› አለ፣ በቃ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት ድሮ ቀረ፣ እማማ። ዛሬ ሳይሾሙ መብላት መጥቷል... ሹሙን ቀድሞ ማጉረስ ነው እንጂ።

ደግሞ አንደበቱ! ተነሥቶ ስለ አህዮች ሲናገር ሰው ሁሉ አለቀሰ። ‹ወገባቸው ተላጠ፣ አብዮቱ ለእንስሳም ነው› አለ። እውነቱን ነው። እሱም በአህያ ጭነት ነው ያደገው፤ ውለታዋን እንዴት ይርሳ? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል... ይህ ግን ሁለቱንም ያያል። ሣሩን ለሹሞቹ፣ ገደሉን ለእኛ አካፈለ።

የእኔም አህዮች ይኸው ከጭነት ዐርፈዋል። ልጆቼም ዐርፈዋል... ከእራታቸው።

ምን አሉኝ? ባለተራዋ ትመርቅ? እሺ፣ ካሉኝማ እመርቃለሁ። ያን ደግ ሰው ጊዮርጊስ ይጠብቅልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እሱ ሲያልፍ ደግሞ ልጆቹን ሜዳ ላይ አይጣልብን... ልክ እሱ ለልጆቼ እንዳሰበላቸው የሚያስብላቸው ሰው ያቁምላቸው!

አሜን በሉ እንጂ... ለልጆቹ እኮ ነው የመረቅሁት።»