ቀድማችሁ አርሱት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ ደንበኞች፣ ሱሪያችሁን ሳትረከቡ የቀራችሁም ጭምር፤ እንኳን መጣችሁ አልልም፤ ለዚህ ቀን ባንመጣ ይሻለን ነበር።

ወዳጄን የምታውቁት «በሩን ዝጋ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሰላምታው እሱ ነበራ። ልብስ ስፌት ቤታችን ስትገቡ «እንዴት ዋላችሁ» ያላችሁ ማን ነው? እኔ ነኝ። እሱ «በሩን ዝጋ» ነው ያላችሁ።

ምን ያድርግ? ጓዳ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለው ባለቤቱ አስም አለባት። የበረሃው አቧራ መጥቶ ሰማዩ ቢጫ ሲሆን ደረቷ ማፏጨት ይጀምራል። ሐኪሟ አንድ ቀን አስቀምጦ አስረዳው። «የሚታየውን አቧራ አፍንጫ ይይዘዋል። የምፈራው የማይታየውን ነው፤ እሱ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። አቧራ ሲነሳ ከቤት አትውጣ፤ መስኮት ይዘጋ፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ከእጇ አይራቅ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ከመጥረጊያ ጋር ተቆራረጠ።

አንዱ ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ኮቱን ተቀበለ። «ሱሪዬስ?»

«ሥራ ላይ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሱሪው ውሃ ጠጥቶ በበሩ ሥር ተወትፏል። «ነገ ሠርጌ ነው እኮ!»

«አቧራው እስከ ማታ ይቆማል፤ ይደርስልሃል።»

መምህርቷስ? ያቻትና ከዛፉ ሥር ቆማለች፤ ትሳቅ፣ ግድ የለም። ያን ቀን አቧራው ድንገት ሲመጣ ባለቤቱ ገበያ ነበረች። እርጥብ አንሶላ ይዞ ወጣ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አንዲት ሴት ስታስል ሰማ። ከራሷ ጀምሮ ጠቀለላትና እየጎተተ ወሰዳት። «አፍሽን ክደኚ። አትናገሪ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ስንቴ ልንገርሽ?» ምስኪኗ መምህርት፣ ምን ትበል? አትናገሪ ተብላለች።

ቤት ሲደርሱ በሩን ማን ከፈተ? ባለቤቱ። ቀድማ ገብታለች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

ምን ቢል ጥሩ ነው? «መጀመሪያ በሩን ዝጊ።»

የከዳው ልቡ ነው። ሳንባውንማ ሐኪሙ «የጎረምሳ ነው» ብሎለታል። ባለፈው ሳምንት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ስለ ሞት ሊያወራኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዘኝ። «አፈር ስትመልሱ አቧራ ይነሳል» አለኝ። «እሷ ከፊት ነው የምትቆመው። ቀድማችሁ አርሱት።»

እናም ቆፋሪዎች፣ አካፋውን አንዴ አሳርፉልኝ። ልብስ ስንተኩስ የምንረጭባትን የውሃ መርጫ ይዣለሁ። ለዚህ ሁሉ ክምር እንደማትበቃ አውቃለሁ፤ ለዚያ ባልዲ አምጥተናል። መጀመሪያውን ግን በእሷ ልጀምር።

እህቴ፣ መሀረብሽን አፍንጫሽ ላይ አድርጊ። መድኃኒትሽ ኪስሽ ውስጥ አለ? ጎሽ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን የምጠይቅሽ እኔ ነኝ፤ እንደ እሱ አሰለችሻለሁ፣ ቻይኝ።

አንተም ወዳጄ፣ ደህና ሁን። አፈሩ ርሷል። ቀስ ብለህ ግባ፤ በሩን እኛ እንዘጋዋለን።