ከማዶ የሚጠራው

(የጥር ጊዮርጊስ የፈረስ ሩጫ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ለሩጫው የሁለት ዓመት ውርንጭላዎችን የሚመርጡት አያ ዋሴ ከወንዙ ዳር ካለው መስክ ላይ ቆመዋል፤ የሟች ልጃቸው የደምለው ሚስት እንጉዳይ ዳማ ውርንጭላዋን በገመድ ይዛ፣ በብብቷ ጥቅልል በርኖስ ሸጉጣ ከፊታቸው ቆማለች።)

አያ ዋሴ፦ አይሆንም አልኩሽ። የሚሮጡትን መርጬ ጨርሻለሁ። ውርንጭላሽን ይዘሽ ግቢ።

እንጉዳይ፦ ሳያዩት?

አያ ዋሴ፦ አይቼዋለሁ።

እንጉዳይ፦ መቼ አዩት? የሌላውን ሁሉ ከንፈር እየገለበጡ ጥርሱን ሲያዩ፣ ኮቴውን እያነሱ ሲመረምሩ ዋሉ። የእኔ ላይ ሲደርሱ ፊትዎን ወደ ወንዙ አዞሩ።

አያ ዋሴ፦ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ።

እንጉዳይ፦ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ነበረች፣ አባዬ።

አያ ዋሴ፦ ምላስሽ አያርፍም አይደል?

እንጉዳይ፦ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ይዩትና ጉድለት ካለው በጉድለቱ ይጣሉት።

አያ ዋሴ፦ እሺ አምጪው። ወዲህ አዙሪው። ጉልበቱ ቀጭን ነው።

እንጉዳይ፦ ቀጭን አይደለም፣ ደረቅ ነው። የሚሮጥ ፈረስ ጉልበቱ ሥጋ የለውም ብለው ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት።

አያ ዋሴ፦ ደረቱም ጠባብ ነው።

እንጉዳይ፦ ጭብጥዎን ከፊት እግሮቹ መሀል ያስገቡ። ይገባል አይገባም?

አያ ዋሴ፦ ይገባል።

እንጉዳይ፦ ሁለተኛውስ?

አያ ዋሴ፦ ሁለተኛውም ይገባል። ምን ታደርቂኛለሽ?

እንጉዳይ፦ የአያ ምሕረቴ ውርንጭላ ላይ አንዱ ጭብጥዎ እንኳ ሲጨናነቅ አይቻለሁ። እሱን ግን አሳለፉት።

አያ ዋሴ፦ የሰው ፈረስ አትንቀፊ። ደግሞስ ማን ይሄን ይክዳል ብለሽ ነው? አፍንጫው ሰፊ ነው፣ ትንፋሽ አያጥረውም። ጆሮው ንቁ ነው። የኋላ እግሩን ሲያነሳ መሬቱን የሚጠየፍ ይመስላል። ዛሬ እዚህ መስክ ላይ ከቆሙት ሁሉ እንደ እሱ ያለ የለም። ይኸው አመንኩልሽ። አሁንም አይሮጥም።

እንጉዳይ፦ ምክንያቱ?

አያ ዋሴ፦ ምክንያቱን በብብትሽ ሸጉጠሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?

እንጉዳይ፦ በርኖስ ነው። የሁሉም ውርንጭላ በርኖስ ይታሰርበታል።

አያ ዋሴ፦ ይታሰርበታል። የሁለት ዓመት ውርንጭላ ወገቡ ስላልጠና ሰው አይቀመጥበትም፤ የጌታውን በርኖስ ጀርባው ላይ አስረን ባዶውን እንለቀዋለን። ግን በርኖሱ ብቻውን አያሮጥም። ባለበርኖሱ ከመስኩ ማዶ ቆሞ ይጠራዋል፣ ውርንጭላውም የጌታውን ድምፅ ሰምቶ ይበራል። የሞተ ሰው በርኖስ አስረሽ ስትለቂው፣ ከማዶ ማን ይጠራዋል? ወንዙ?

እንጉዳይ፦ ቀስ ይበሉ፣ አባዬ። ሰው ይሰማል።

አያ ዋሴ፦ ይስማ። ደምለውን የወሰደው ይሄ ወንዝ ነው። አሁን እንዲህ ጠጠሩ እየታየ ሲፈስ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ መሆኑን ማን ያምናል? ሬሳውን እንኳ ነፈገን። ባዝራዋ በባዶ ኮርቻ ስትመጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። የለቅሶው ቀን የምንቀብረው ብናጣ በርኖሱን ኮርቻዋ ላይ አስረን በለቀስተኛው መሀል አዞርናት። ይሄ ውርንጭላ ያኔ ሆዷ ውስጥ ነበር። ከመወለዱ በፊት ለቅሶ የዞረ ነው። አሁን ያንኑ በርኖስ አስረሽበት መስክ ላይ ብቅ ብትይ፣ እልል ሊል የመጣው ሕዝብ ደረቱን ይመታል።

እንጉዳይ፦ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል እኮ።

አያ ዋሴ፦ ለአንቺ።

እንጉዳይ፦ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ። እኔ አንገቱን አላስረዘምኩትም፣ እንደነበረ ነው የማስታውሰው። ደግ ነበር። ግልፍተኛም ነበር። ወንዙ ሞልቷል ሲሉት የማይሰማ ነበር።

አያ ዋሴ፦ ነበር፣ ነበር። አንቺ ዘንድ ነበር ሆኖ ቀርቷል።

እንጉዳይ፦ አንቱ ዘንድስ?

አያ ዋሴ፦ እኔ ዘንድ ማታ ማታ ይመጣል።

እንጉዳይ፦ ምን አሉኝ?

አያ ዋሴ፦ አረጀ፣ ጃጀ በይ። ጀንበር ስትጠልቅ፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ ከወንዙ በኩል ዳገቱን ይወጣል። የሰው እርምጃ ነው፣ ጆሮዬ አልደነቆረም። በደጄ ያልፍና ወደ አንቺ አጥር ይሄዳል። ያ ተናካሽ ውሻ፣ የንስሐ አባቴን እንኳ የሚያባርረው፣ ትንፍሽ አይልም። ይሄ ውርንጭላሽም አጥሩ ጥግ መጥቶ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ሌላ ማንን ይጠብቃል? ጌታውን ነዋ። በዓይኑ ያላየውን በደሙ አወቀው።

እንጉዳይ፦ ታዲያ ወጥተው አያዩም?

አያ ዋሴ፦ ወጥቼ ካየሁት ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሎ አኖርለታለሁ፣ ሽምብራ የበዛበት፣ እንደሚወደው። ጠዋት ስወጣ ሰሃኑ ባዶ ነው።

እንጉዳይ፦ ያ ቆሎ ለደምለው ነው የሚያኖሩት?

አያ ዋሴ፦ ለማን መስሎሽ ነበር?

እንጉዳይ፦ ወይ አምላኬ።

አያ ዋሴ፦ ምነው ደነገጥሽ? ልጄ ነው፣ እኔ አልፈራውም። የምፈራው ለዚህ ውርንጭላ ነው። የሚጠራውን ያውቃል። ያን በርኖስ አስረሽ ብትለቂው መስኩ ላይ አይቆምልሽም፣ ወንዝ ይገባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

እንጉዳይ፦ አባዬ፣ በርኖሱን ይዩት።

አያ ዋሴ፦ አላይም።

እንጉዳይ፦ በእጅዎ ይዳስሱት እንጂ።

አያ ዋሴ፦ በጨለማም ብትሰጪኝ አውቀዋለሁ። እናቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንገቱ ጋ በግራ በኩል ጠቅማዋለች። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ክሩ ተቋጥሮ ቀርቷል።

እንጉዳይ፦ እንግዲያው ቋጠሮውን ይፈልጉት። እንኩ።

አያ ዋሴ፦ የት አለ? ወዲህ ነው? የለም።

እንጉዳይ፦ የለም።

አያ ዋሴ፦ ይሄ የደምለው አይደለም።

እንጉዳይ፦ የደምለውማ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ብል እንዳይበላው ፀሐይ አሞቀዋለሁ እንጂ ለማንም አውጥቼው አላውቅም።

አያ ዋሴ፦ እና ይሄ የማን ነው?

እንጉዳይ፦ ውርንጭላው ሲያሸተው አዩት? አልሸሸም።

አያ ዋሴ፦ የማን ነው ብዬሻለሁ።

እንጉዳይ፦ የልየው። የማዶው ልየው፣ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት። ማታ ማታ ለውርንጭላው ገብስ ያመጣለታል።

አያ ዋሴ፦ ማታ ማታ።

እንጉዳይ፦ ድልድዩን ዞሮ፣ በወንዙ ዳር አድርጎ።

አያ ዋሴ፦ በደጄ።

እንጉዳይ፦ በደጅዎ።

አያ ዋሴ፦ ውሻውስ?

እንጉዳይ፦ ለመደው።

አያ ዋሴ፦ እኔ እኮ እርምጃው ሲከብድብኝ ልብሱ ስላልደረቀ ነው እል ነበር።

እንጉዳይ፦ ገብሱን ተሸክሞ ነው፣ አባዬ።

አያ ዋሴ፦ ቆሎዬንስ?

እንጉዳይ፦ እሱ ነው የሚበላው። ይቅር ይበሉት። «አያ ዋሴ አውቀዋል፤ አፍ አውጥተው ባይመርቁኝም ባይፈቅዱማ ደጃቸው ላይ ቆሎ አያኖሩልኝም» አለኝ። እኔም አመንኩት። ይሄን በርኖስ ይዤ ፊትዎ የቆምኩት በዚያ ተማምኜ ነው።

አያ ዋሴ፦ በእፍኝ ቆሎ ሚስት አገኘ በይኛ።

እንጉዳይ፦ አይቀልዱብኝ። ሽማግሌ እንዳይልክ ለሟች አባት ምን ብሎ ይላክ? ከማዶ ቆሞ ውርንጭላውን ቢጠራው ግን አገሩ በሙሉ የቤቴ ጌታ ማን እንደሆነ ያውቃል። በአጥር ጥግ መምጣትም ይቀራል። እምቢ ካሉኝ በርኖሱን እመልስለታለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳብዎትም።

አያ ዋሴ፦ ከዚያስ የት ትገቢያለሽ?

እንጉዳይ፦ ቤቴ። ከሳጥኑ ጋር።

አያ ዋሴ፦ አንቺ ከሳጥን ጋር፣ እኔ ከደጅ ድንጋይ ጋር። ሁለታችንም አንድ ሰው ስንጠብቅ ኖርን ብዬ ነበር። ልቤን አመመኝ፣ እንጉዳይ። ውሸቴን አይደለም፣ አመመኝ።

እንጉዳይ፦ ይቀመጡ፣ አባዬ። ይቅር፣ ይዤው ልግባ።

አያ ዋሴ፦ ቁሚ። ድምፅ አለው?

እንጉዳይ፦ ማን?

አያ ዋሴ፦ ልየው ነዋ። ከማዶ ሲጠራ ከወንዙ በላይ ይሰማል?

እንጉዳይ፦ ይሰማል። እኔ ሰምቼዋለሁ።

አያ ዋሴ፦ እንግዲያው በሩጫው ቀን በርኖሱን ጥሩ አድርገሽ እሰሪው። ከሆዱ ሥር ጠበቅ ይበል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ በመስኩና በወንዙ መሀል እቆማለሁ።

እንጉዳይ፦ እዚያ ምን ሊያደርጉ?

አያ ዋሴ፦ ምናልባት ሁለት ሰው ቢጠራው።

እንጉዳይ፦ ለልየው ምን ልበለው?

አያ ዋሴ፦ በቀን መምጣት ቢጀምርም ማታ በደጄ ማለፉን እንዳይተው በይው። ቆሎውንም ይብላ። ግን አይጨርሰው፣ ለደምለው ይተውለት።