ከኮሶዬ ቁልቁል በፎሌ

ሳጅን ቢሻው ከሆስፒታሉ ሲወጣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ስቦ የአጥሩን ጥግ ይዞ ነበር። የባልደረባውን የማንያዘዋልን እግር ሐኪሙ ሲቆነጥጠው ልጁ ምንም እንዳልተሰማው በዓይኑ አይቶ መውጣቱ ነው። እንዲህ ባለው ሰዓት ማን ድቅን ቢልበት ጥሩ ነው? ኢንስፔክተር የትናየት!

ለጣቢያው ሁለት አዳዲስ የፓትሮል መኪኖች በመጡ ጊዜ ሾፌሮቹን እንድታሠለጥን የተላከችው እሷ ነበረች። ቢሻው በመጀመሪያው ቀን፣ «እኔን መንዳት የምታስተምር ሴት ገና አልተረገዘችም!» ብሎ ከክፍሉ ወጣ። ወጣቶቹም እየሳቁ ተከትለውት ወጡ። እሷም ባዶ ወንበር ስታይ ዋለች።

ወጣቶቹ ለምን ተከተሉት ቢሉ፣ ቢሻው እኮ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ በፎሌ የወረደ ሰው ነው። ማርሹን ነጥሎ መኪናውን በገዛ ክብደቱ ማንከባለል ማለት ነው። እንደ እሱ አነጋገር በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ የዶሮ እግር ይዞ ነበር። ጭላዳዎቹ በየመታጠፊያው ተሰልፈው ሰላምታ ሰጥተውታል፤ አንዱማ ኮፈኑ ላይ ተቀምጦ እስከ ዛሪማ ሸኝቶታል። ይህ ጭላዳ ታሪኩ በተወራ ቁጥር በማዕረግ እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ሻምበል ሆኖ አረፈ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ቢሻው ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ሲመለስ የአዲሱንም መኪና ሞተር እንደ ልማዱ አጠፋው። ወለቃ መግቢያ ላይ ፍሬኑ ደረቀበት፤ መሪው ከበደው። መኪናው የሸክላ መሸጫውን ዳስ ጠርምሶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ቢሻው መሪውን አቅፎ ተረፈ። አጠገቡ የነበረው ኮንስታብል ማንያዘዋል ግን በመስታወቱ ተወርውሮ ወጣ።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ቢሻው? ማንያዘዋል እንዴት ሆነ?»

«እንዴት ይሆናል! ከወገቡ በታች የለም። የፋሲካ ጾም ሲፈታ ሊዳር የነበረ ልጅ! ይኸውልሽ ልጄ፣ የዛሬ ማኪና ቀለሙ ሸጋ ነው፣ ሆዱ ግን ቆርቆሮ። ፍሬኑ ከዳን።»

«ሲወርዱ ሞተሩ ይሠራ ነበር?»

«ምነው? ለቁልቁለት ደግሞ ሞተር ምን ያደርጋል? ናፍጣ መፍጀት ካልሆነ! ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥትን ናፍጣ ስቆጥብ ኖሬ፣ አንቺ የአያ ሀዳነ ልጅ፣ ትናንት ቁስቋም ሜዳ ላይ ኳስ ስትራገጪ ያየሁሽ፣ ዛሬ ትመረምሪኝ?»

የትናየት ስድቡን እንዳልሰማች ሆነች። «ሰኞ ወጣቶቹ ሁለተኛውን መኪና ይረከባሉ። አያ ቢሻው ካልሠለጠነ አንሠለጥንም ብለዋል። ሳይሠለጥኑ እንዳይነዱ ብከለክልም የጣቢያው አለቃ ሥራ ቆመ ብሎ ቁልፉን ሊሰጣቸው ነው። የሚያዩት እርስዎን ነው።»

«ይዩኝ! ጥፋቱ የማኪናው ነው ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ሁለተኛው መኪና እዚህ ግቢ ቆሟል። እግርዎን ብቻ ለአፍታ ያውሱኝ።»

ቢሻው መኪናው ውስጥ የገባው ሊያሳፍራት ነው። ሰው አላዋቂነቱን የሚጠብቅበትን ትጋት ለዕውቀት ቢያውለው ኖሮ ስንቱ በተረፈ! መኪናው ሜዳ ላይ ነበር፤ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃ ያዘችና ሞተሩን አስነሳች።

«ይርገጡት።»

ረገጠው። እንደ ቅቤ ለሰለሰ። «ይኸው ደኅና ነው!» አለ።

«አሁን ሞተሩን ያጥፉና ይርገጡ።» ፍሬኑ ወረደ። «ይድገሙ።» አጠረ። «አንዴ ደግሞ።»

ሦስተኛው ድንጋይ ሆነ። ቢሻው በሙሉ ጉልበቱ ተጫነው፤ አልነቃነቅ አለ። ወለቃ መግቢያ ላይ እግሩ ሥር ያገኘው ድንጋይ ይኸው ነው፤ እግሩ አወቀው።

«ይህን ሁሉ ብረት የሰው እግር ብቻውን አያቆመውም» አለች በዝግታ። «የሚያግዝዎት ሞተሩ ነው። ሲያጠፉት ለሁለት ርግጫ ያህል ጉልበት ይተርፋል፣ ከዚያ ያልቃል። መሪውም እንዲሁ ነው።»

«ሊማሊሞንስ? በአሮጌው ማኪና ወርጄ የለም እንዴ!»

«ዕድል ነድተው ነው የወረዱት፣ አያ ቢሻው።»

«ናፍጣውስ? ቆጥቤያለሁ እኮ!»

«የእነዚህ መኪኖች ሞተር፣ ማርሽ እንደገባ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሡ ቁልቁለት ላይ ናፍጣውን ራሱ ይዘጋዋል። አንድ ጠብታ አይወስድም። ይህን ለማስተማር ነበር ያን ቀን የመጣሁት።»

ቢሻው መሪው ላይ ተደፋ። «እንግዲህ ያን ልጅ በከንቱ ነው የሰበርኩት?»

የትናየት የቀበቶውን ጫፍ ሳበች። «ቀበቶው ካልታሰረ መኪናው ይጮሃል። ማንያዘዋል እንዴት ዝም አሰኘው?» አለችው።

ኮሶዬ ላይ ልጁ ራሱ ይህንኑ ጠይቆት ነበር፤ «አያ ቢሻው፣ ይሄ ጩኸት ራሴን አዞረኝ» ብሎ። «ከጀርባህ አሳልፈህ እሰረውና ተደገፍበት፣ ሞኝ!» ያለው ማን ሆነና! ቢሻው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ ጠዋት ወጣቶቹ ሲመጡ ቢሻው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ትምህርቱን እስከ ፍጻሜው ሰማ። መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ኮንስታብል ውዱ፣ «አያ ቢሻው፣ እስቲ የሻምበል ጭላዳውን ታሪክ!» አለው።

«ጭላዳው ሰላምታ አልሰጠኝም። ሲያየኝ ወደ ገደሉ ነው የሸሸው። ነገሩ ከእኔ በፊት ገብቶት ነበር።»

ሳቁ። እሱ አልሳቀም። አንድ በአንድ እያስገባ ሞተሩን አስጠፍቶ ፍሬኑን ሦስት ሦስት ጊዜ አስረገጣቸው። የሁሉም ፊት ሦስተኛው ላይ ተለወጠ።

«መምህርቷ ያለችውን ያዙ» አላቸው። «ቁልቁለት ላይ ሞተር አይጠፋም። ከባድ ማርሽ ካስገባችሁ ሞተሩ ራሱ ማኪናውን ይይዝላችኋል፤ ፍሬናችሁ ሳይግል ለሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆያችኋል፣ ናፍጣውም ይተርፋል፣ የተጠራችሁበትም ቦታ በደኅና ትደርሳላችሁ። ማኪናው ንጹሕ ነው፤ ቃሌን አስለውጫለሁ። እኔማ መንጃ ፈቃዴን አስረክቤያለሁ፤ የተማርኩትን የምትነዱት እናንተ ናችሁ።»

ውዱ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ጓደኞቹ ገቡ። ሞተሩ ሲነሣ ማንቂያው ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይል ጀመር።

«ኧረ አያ ቢሻው፣ ይሄን ጩኸት ዝም የሚያሰኝ መላ የለም?»

«አለ» አለ ቢሻው። «መላውን ማንያዘዋል ያውቀዋል። ሆስፒታል ሂዱና ጠይቁት።»

ቀጥሎ የተሰማው የአራት ቀበቶዎች ቀጭታ ነበር። ጩኸቱም ቆመ።