ከቤጂንግ እስከ ፓሪስ አብሮኝ የተጓዘው የእህቴ ባል

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ
ጉዳዩ፦ ከባድ የአካል ጉዳት
የምስክሩ ስም፦ ከሊፋ ሰይድ ይማም
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ የከባድ መኪና ሾፌር
አድራሻ፦ ኮንየርስ፣ ጆርጂያ
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2019፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ 2፡10
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሚካኤላ ሰብሐት። ቃሉ በአማርኛ ተሰጥቶ በአማርኛ ተጽፏል።

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። የተጠራሁት ባለፈው ቅዳሜ በቡፎርድ ሃይዌይ በሚገኝ ምግብ ቤት ውስጥ በዑስማን ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን እንድናገር ነው። ዑስማን የታናሽ እህቴ የነዒማ ባል ነው። ደብድቦታል ተብሎ የታሰረው ጀዕፈር ደግሞ ጓደኛዬ ሲሆን አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ መጋዘን አብረን ጭነት ስናወጣ ኖረናል። መርማሪዋ ስለ ቅዳሜው ብቻ እንድናገር ጠይቃኝ ነበር። ጠቡ የተነሳው ግን ባቡር ላይ ስለሆነ ከባቡሩ ካልጀመርኩ ግማሽ ውሸት ይሆንብኛል ብዬ አስመዝግቤያለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ሰው ይንዳና እኔ በመስኮት ልይ የሚል ምኞት ነበረኝ። ስለዚህ ከቤጂንግ በሳይቤሪያ በኩል ሞስኮ፣ ከሞስኮ ፓሪስ በባቡር ለመሄድ አሰብኩ። ጀዕፈር ወዲያው እሺ አለኝ። ዑስማንን አብረን እንድንወስደው የለመነችኝ ነዒማ ናት። «ውሰዱልኝ፣ ሦስት ሳምንት ልተንፍስ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሴፕቴምበር 7 ቀን ከቤጂንግ ተነሳን። የያዝነው አራት አልጋ ያለው ክፍል ሲሆን አራተኛው አልጋ ባዶ ነበር። ዑስማን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዙኝ ልቀቁኝ ማለት አበዛ፤ ትራሱ ቀጠነ፣ ሻዩ በረደ፣ ጀዕፈር አንኮራፋ እያለ ሲጣላ ሰነበተ። ድንበሩ ላይ የባቡሩ ጎማ ለሩሲያ ሰፊ ሐዲድ በሚሆን እስኪቀየር ብዙ ሰዓት ስንቆም ደግሞ በሩን በእርግጫ ይመታ ነበር። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባቡሩ በባይካል ሐይቅ ዳር አልፎ ወደ አንድ ትልቅ ጣቢያ ሲቃረብ፣ የፉርጎው ኃላፊ የሆነችው ሩሲያዊት እንደ ደንቡ ሽንት ቤቱን ቆለፈች። ዑስማን ለሶላት ውዱእ ላድርግ፣ ክፈቺ አላት። ሴትዮዋ ሰዓቷን እያሳየች ከጣቢያው በኋላ እንደሆነ በእጅ ምልክት ነገረችው። እኔም በጠርሙስ ውሃ አለ፣ በዚያ አድርግ ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።

ቁልፉን የያዘውን የሴትዮዋን እጅ አንጓው ላይ ያዘና ወደ ኋላ ጠመዘዘው። እየጠመዘዘም ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ካለው የፈላ ውሃ ማሞቂያ ጋር አጣበቃት። አጥንቱ ሲሰበር የወጣውን ድምፅ ሰምቻለሁ። ጉንጯ የጋለውን ብረት ሲነካ ያወጣችውን ጩኸት ፉርጎው ሁሉ ሰምቷል። ጀዕፈር ሮጦ በአንገቱ ጎተተው። ዑስማን ዞር ብሎ የሻይ ብርጭቆ የሚቀመጥበትን የብረት መያዣ አንስቶ የጀዕፈርን አፍ ሁለት ጊዜ መታው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ምንጣፉ ላይ ወደቁ። አንዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት ነዒማ ኬኔሶ ካለው ቤታቸው ደረጃ ወደቅኩ ብላ የቀኝ እጅ አንጓዋ ተሰብሮ ብረት ገብቶበት ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሙ «ይህ የመውደቅ ሳይሆን የመጠምዘዝ ስብራት ይመስላል» ብሎ ሲጠይቃት አጠገቧ ቆሜ ነበር። እሷ ደረጃ ነው አለች፣ እኔም አመንኩ። ኮሪደሩ ላይ ግን እጁ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ። «ነዒማንም እንዲህ ነው የያዝካት?» አልኩት። «አንተ ሾፌር ነህ፣ መንገድህን ንዳ» ብሎኝ ክፍሉ ገባ። ጀዕፈር በላስቲክ ከረጢት ደም ሲተፋ እሱ ሾርባውን እስከ ታች ጠጣ።

በጣቢያው ፖሊሶች ገብተው ነበር። በእኛ ወግ ዘመድ ቢያጠፋም ለባዕድ አይሰጥም። ስለዚህ ሴትዮዋ እግር ላይ ወድቄ የለመንኳት እኔ ነኝ፤ በዚህም አፍራለሁ። ሴትዮዋ አይታኝ አይታኝ ለፖሊሶቹ በሩሲያኛ አንድ ነገር ተናገረችና ሄዱ። አዳልጦኝ ነው ማለቷን ትንሽ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተሳፋሪ ነገረኝ።

ከሞስኮ ለነዒማ ደውዬ ስለተሰበረው አንጓዋ ጠየቅኳት። በመጀመሪያ ደረጃው ነው አለችኝ፤ ቀጥላ አለቀሰች። «ጋሼ፣ በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ እንዳትናገረው» አለችኝ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁ። ፓሪስ በሚወስደው ባቡር ላይ፣ ዋርሶን ካለፍን በኋላ፣ ጀዕፈር በጥርሱ ቂም ተነስቶ ዑስማንን ጉሮሮውን አነቀው። ፊቱ ጠቁሮ ምላሱ ሲወጣ ገላገልኩ። ዑስማንን ከፊት አቅፌ ጀርባዬን ለጀዕፈር ሰጠሁ፤ ለእሱ የመጣው ቡጢ የእኔን ጎድን አገኘው። እስከ ዛሬ ሳስነጥስ ያመኛል።

ሴፕቴምበር 21 ቀን አትላንታ ገባን። ዓርብ 27 ቀን ከሥራ ስመለስ ኬኔሶ ሄድኩ። ነዒማ በሩን የከፈተችው ግማሽ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ነው። የታችኛው ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ከጆሮዋ በላይ ጣት የሚያክል ቦታ ፀጉር ተነቅሏል። ዑስማን ስልኳን ፈትሾ ከሞስኮ የደወልኩበትን ሰዓት አግኝቶ «ለወንድምሽ ምን ነገርሽው?» እያለ እንደመታት ነገረችኝ። የእኔ ስልክ ነው ያስመታት።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከቀኑ 1፡30 ላይ ሼህ መንሱር የተባሉ ሽማግሌ ዑስማንንና ጀዕፈርን ሊያስታርቁ ምግብ ቤቱ ውስጥ አስቀመጡን። የሚታረቁት በጥርሱ ጉዳይ ነው። የነዒማን ነገር ማንም አላነሳም፣ እኔም ቃሌን ጠብቄ ዝም አልኩ። ሼሁ ዑስማንን «ልጄ፣ ተነስተህ ወንድምህን ይቅር በለኝ በለው» አሉት። ዑስማን ከመቀመጫው ሳይነሳ «ይቅርታ ምን ያደርግለታል? ደህና ዴንቲስት ቢፈልግ ይሻለዋል» ብሎ ሳቀ። ጀዕፈር ጠረጴዛውን ገልብጦ ተነሳ። ዑስማንም ወንበር አነሳ። ሼህ መንሱር «ኧረ ገላግሉ! ዘመዳችሁን ያዙ!» እያሉ ጮኹ።

እኔ ዘመዴን ያዝኩ። መርማሪዋ የምግብ ቤቱን ካሜራ ከፍታ አሳይታኛለች። «ጋሼ፣ አንተ ክሊር ነህ፤ ፋይቱን ስቶፕ ለማድረግ ትራይ ስታደርግ ይታያል» ብላኛለች። መርማሪዋ ጋሼ እያለችም አንተ ትለኛለች፤ እዚህ ስላደገች አልቀየምኩም። ካሜራው የሚያሳየውን ግን ያገራችን ሰው ብቻ ነው የሚያነበው። እኛ ዘንድ ገላጋይ ዘመዱን ከፊት ያቅፋል፣ ጀርባውንም ለዱላው ይሰጣል። ከኋላ ሁለት ክንድ ጠፍንጎ የሚይዝ ሰው ገላጋይ አይደለም፣ አስደብዳቢ ነው። ይህን ልጅ ሆነን ከብት ከምንጠብቅበት ጊዜ ጀምሮ እናውቀዋለን። እኔ ዑስማንን የያዝኩት ከኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫውን ሰበረ። ሁለተኛው አፉን አገኘው። በዚህ ጊዜ ጀዕፈር እጁን አወረደ፤ እንደምለቀው ጠብቆ ዓይኔን አየኝ። ጀዕፈር ቆሞ ነበር፤ ይህ በደንብ ይጻፍልኝ። ዑስማን «ከሊፋ፣ ልቀቀኝ፣ በአላህ» አለኝ። አልለቀቅኩትም። ለጀዕፈር «ጨምርለት» አልኩት። ጀዕፈር ከጎን ካለው ጠረጴዛ የብርጭቆ የውሃ ጆግ አንስቶ የዑስማን ግራ ዓይን ላይ ሰበረው። ከዚያ በኋላም እግሩ እስኪከዳው ድረስ ይዤው ቆየሁ። ደሙ እጅጌዬን አልፎ ክንዴ ላይ ሲደርስ ይሞቅ ነበር። ዓይኑ እንደማይተርፍ ሐኪሞቹ ትናንት ተናግረዋል።

ጀዕፈር ስለ እኔ አንድ ቃል እንዳልተናገረ ከመርማሪዋ ተረድቻለሁ። የእሱ ግሪን ካርድ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ብቻ ተብሎ ከባድ ፍርድ ከተፈረደበት ታስሮ ሲወጣ ከአገር እንደሚባረር ጠበቃው ነግሮታል። እኔ ዜጋ ነኝ። ነዒማ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ደውላ «ገላጋይ ነበርኩ በል፤ አባታቸው ታውሮ አጎታቸው ታስሮ ልጆቼን ምን ላድርጋቸው?» ብላኛለች። እንዲህ ብዬ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር፤ ካሜራውም ይመሰክርልኛል። መርማሪዋም በዚህ ቦታ ብዕሯን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይሄን ሳይን ካደረግክ እኮ በቃ፤ መጀመሪያ ላየር አናግር» ብላኛለች። እኔም «ጻፊው ልጄ፣ ጠበቃ የሚጨምርበት ነገር የለም» ብያታለሁ።

በሠራሁት ተጸጽቼ እንደሆነ ተጠይቄያለሁ። ለጀዕፈር አዝኛለሁ፤ እጁ ካቴና ውስጥ የገባው በእኔ አፍ ነው። ለሩሲያዊቷም አዝኛለሁ። ነዒማ ይህን ስትሰማ እንደምትጠላኝ አውቃለሁ፣ እሱም ያመኛል። ስለ ዑስማን ዓይን ግን ልዘን ብዬ ሁለት ቀን ሞክሬ አልሆነልኝም። ይህም እውነት ስለሆነ አብሮ ይጻፍልኝ።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለኝ ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። የሚሰረዝም የሚጨመርም የለውም ብዬ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ከሊፋ ሰይድ ይማም
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ሚካኤላ ሰብሐት

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪው ከቀኑ 2፡10 በምስክርነት ቀርቦ፣ ከቀኑ 4፡35 በተጠርጣሪነት ተመዝግቧል። የመኪናውን ቁልፍ አስረክቧል።