የኤሊፍ ሁለት ሪፖርቶች

(አዲስ አበባ፣ ሰኔ። በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት፤ የትምህርት አስተባባሪዋ ወይዘሮ ውድነሽ ካርቶን በሞላው ቢሮዋ ተቀምጣለች፣ የአማርኛ መምህሩ አየነው የክፍሉን ቁልፍ ሊያስረክብ መጥቷል።)

ውድነሽ፦ ቁልፉን ተወውና መጀመሪያ ይህን ስማ። የአራተኛ ክፍል ኃላፊዋ ሚስ ክሌር ስለ ኤሊፍ የጻፈችው ነው። «ዓመቱን ሙሉ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር አልሰማሁም። የሚነገራት የሚገባት አይመስለኝም። አራተኛ ክፍልን ብትደግም ይሻላታል።» ይኸኛው ደግሞ ያንተ ነው። «ኤሊፍ ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ተናጋሪዋ ናት። ጥያቄዋ አያልቅም። ሌሎቹ እንዲናገሩ አንዳንዴ እሷን ዝም ማሰኘት ግድ ይለኛል።»

አየነው፦ ሁለቱም እውነት ነው፣ እትዬ ውድነሽ።

ውድነሽ፦ እሱን ለወላጆቿ ንገራቸው። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይታተማል። በአንድ ወረቀት ላይ ዲዳም ለፍላፊም የሆነች ልጅ ልላክላቸው?

አየነው፦ ታዲያ የሚስ ክሌርን አያስተካክሉትም?

ውድነሽ፦ የሷ የክፍል ኃላፊ ቃል ነው፤ ያንተ የአንድ ትምህርት አስተያየት። ትንሽ ብታለዝብልኝ ምን አለበት? «በአማርኛ ጥሩ ተሳትፎ አላት» በል፣ ይበቃል። ከጠዋት ጀምሮ ስልሳ ሪፖርት ፈርሜያለሁ፤ አሁንማ የገዛ ስሜ የሌላ ሰው እየመሰለኝ ነው።

አየነው፦ «ጥሩ ተሳትፎ» እኮ ለሁሉም የምንጽፈው ነው። ለሚያንቀላፋውም እንጽፈዋለን።

ውድነሽ፦ ለዚያ አይደል የተፈጠረው።

አየነው፦ ልጅቷ ቱርክ ናት። አባቷ ዱከም አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ከሠራተኞቹ ልጆች ጋር ስትራገጥ ነው ያደገችው። አማርኛውን እኔ አላስተማርኳትም። ባለፈው ወር አርፍጄ ብገባ፣ «መምህር፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ነው?» አለችኝ።

ውድነሽ፦ ይህቺው ኤሊፍ? እኔ ሰላም ስላት ጫማዋን ነው የምታየው።

አየነው፦ በምን ቋንቋ ነው ሰላም የሚሏት?

ውድነሽ፦ በግቢው ቋንቋ ነዋ፣ በእንግሊዝኛ። ደንቡን እኔ አላወጣሁት።

አየነው፦ ሪፖርቱ ላይ በሒሳብ ክፍልፋይ አልገባትም ተብሎ ተጽፏል። እኔ ክፍል ውስጥ ግን ጓደኛዋ ናሆም ግራ ቢገባው ዳቦዋን እየቆረሰች አስረዳችው። ሲሶውን ከሩቡ ለይታ። ሲሶ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ከኛ ልጆች ስንት አለ?

ውድነሽ፦ ይህን ያየኸው መቼ ነው?

አየነው፦ ኅዳር ላይ።

ውድነሽ፦ አሁን ሰኔ ነው፣ አየነው። ሚስ ክሌር ላይ አትፍረድ። ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ለኤሊፍ ብቻ የሥዕል ካርድ ስታዘጋጅ ከርማለች። ሁለት ጊዜ እዚያ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ አልቅሳለች። እንዴት እንደማስተምራት ጠፋኝ ስትለኝ ነበር። ያላየችውን ልትጽፍ አትችልም። ያየኸው አንተ ነህ። ነገርካት?

አየነው፦ እሷም አልጠየቀችኝ።

ውድነሽ፦ ተጠይቀሃል። የካቲት ላይ ስለ ኤሊፍ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ይኸውልህ። የሒሳቡ መምህር ተናገረ፣ የሙዚቃዋ ተናገረች፣ የስፖርቱም ሳይቀር ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣ «የአማርኛ መምህር፦ የምጨምረው የለኝም።» ይህ ማነው?

አየነው፦ እኔ ነኝ።

ውድነሽ፦ ለምን?

አየነው፦ እውነቱን ልንገርዎት? ተራው ሲደርሰኝ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። አማርኛ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚጠራው፤ ሰው የሚያዳምጠኝ ቦርሳውን አንግቶ ነው። ሰርቪሱ ደጅ ላይ ክላክስ ያደርጋል። ካመለጠኝ እስከ ቤቴ ሦስት ታክሲ ነው። «የለኝም» ብዬ ወጣሁ። ነገ ለብቻዋ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ነገ ነገ ስል ዓመቱ አለቀ።

ውድነሽ፦ ለሰርቪስ ብለህ።

አየነው፦ ለሰርቪስ ብዬ። ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ውድነሽ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አባቷ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ከደገመች ኢዝሚር አያቷ ጋ እሰዳታለሁ፣ እዚህ አልሆነላትም አለኝ። ኢዝሚርን እኮ ልጅቷ የምታውቀው በክረምት ዕረፍት ብቻ ነው።

አየነው፦ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ ለከርሞ ግጥም እንጀምራለን ወይ አለችኝ። እንጀምራለን አልኳት።

ውድነሽ፦ ቃል መግባትስ ታውቅበታለህ። በል እንግዲህ፣ ያለውን ልንገርህ። ደንቡ ተማሪ የሚደግመው መምህራኑ ሁሉ የሚያውቁትን ከተናገሩ በኋላ ነው ይላል። ያ ቃለ ጉባኤ ጎደሎ ነው ከተባለ ትድገም የሚለው ውሳኔ ይወድቃል፤ ልጅቷ አምስተኛ ትገባለች፣ ነሐሴ ላይም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትፈተናለች። ግን ጎደሎ ነው ብሎ በፊርማው መጻፍ ያለበት ያጎደለው ሰው ነው።

አየነው፦ የኔ የከርሞ ውልስ?

ውድነሽ፦ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አልተፈረመም። ደብዳቤህን አንብቦ ምን እንደሚል አላውቅም፣ አልዋሽህም። ያለዚያ አስተያየትህን ታለዝባለህ፣ ቁልፍህን አስረክበህ ትሄዳለህ። የሚጠይቅህ የለም። ዝም አይነቅዝም።

አየነው፦ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ውድነሽ፦ እኔ አይደለሁማ። ሁለት ልጅ የምታሳድገው አንተ ነህ። ብታለዝበው አልቀየምህም፤ ስንቱ ሲያለዝብ አይቻለሁ፣ እኔም አለዝቤያለሁ። ብቻ ቶሎ ወስን። ሚስ ክሌር ዛሬ ማታ ነው የምትበረው፤ የምትመለስም አይመስለኝም።

አየነው፦ ሁለታችንም አልቻልንም ብላ ነው የምትሄደው። ልጅቷም አልቻለችም፣ እሷም አልቻለችም።

ውድነሽ፦ እንደዚያ ብላ ነው።

አየነው፦ ነጭ ወረቀት አለዎት?

ውድነሽ፦ ይኸው። ግን ስማኝ፣ «በሥራ ብዛት ዘንግቼ» ብለህ ጀምረው። ርዕሰ መምህሩም ይለሳለሳል፣ ላንተም ይቀልልሃል።

አየነው፦ አልዘነጋሁም፣ እትዬ ውድነሽ። «እያወቅሁ፣ ተጠይቄ፣ ዝም አልኩ» ብዬ ነው የምጽፈው፤ እሱንም በእንግሊዝኛ፣ ሚስ ክሌር ከመሄዷ በፊት ራሷ እንድታነበው።