በውሰት የመጣ ሞደም

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት መምህርትና አንድ ወጣት ነርስ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ወንድሜ፣ ያቀፍከው ምንድን ነው?»

«ሞደም ነው፤ በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስገባ፣ የድሮ። የሞባይሉ ኔትወርክ ሲጠፋ ተውሼው ነበር፤ ልመልሰው ነው።»

«ሠራልህ?»

«የጤና ጣቢያችን ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ዓይነት ሲስተም ነው። ሞደሙን አላውቀውም አለ። የሚያስተዋውቀው ሶፍትዌር ደግሞ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው።»

«ወይ ጣጣ! ለምን ፈልገኸው ነበር?»

«የአንዲት ሕፃን ሰውነት ቆሳስሎ ፎቶውን ለሐኪም ልልክ ነበር። በመስመር ስልኩ ደውዬ ብነግረው ‹ሳላያት መድኃኒት አላዝም› አለኝ። መንገዱም ዝግ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«መንገዱ ሲከፈት ጓደኛዬ ሶፍትዌሩን ከወልድያ በፍላሽ አመጣልኝ። ትናንት ሠራ።»

«አልሐምዱሊላህ! ሕፃኗስ?»

«ከቀበርናት በኋላ ነው የሠራው።»

የምወርደው ሮቢት ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አለፍኩት።